ሻለቃን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ሄዱ። አባዬና እህቴ ምንትዋብ ሕንድ ሊሄዱ ኤርፖርት ገቡ፤ እኔ ጎሮ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ እጽፋለሁ። የአባዬን ልብ ሊከፍቱት ነው። ቀዶ ጥገናው ጳጉሜ መጀመሪያ ላይ ነው፤ እስከዚያ ምርመራ ብቻ ነው አሉ። አላለቅስም ብዬ ነበር። አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ምንም ሳትጠይቅ ሶፍት ሰጠችኝ።

አባዬ በሩ ላይ አቅፎኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በርቺ» አላለኝም፣ «ጸልዪልኝ» አላለኝም። «ሻለቃን አደራ!» ሻለቃ ኤሊያችን ነው። ሃያ ዓመት አብሮን ኖሯል፣ ትልቅ ድስት ያክላል። ስሙን ያወጣነው እኔና ምንትዋብ ነን፤ ልጆች እያለን አረማመዱ ሰልፍ የሚመራ ሰው ይመስለን ነበር። አባዬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ለተማሪዎቹ ያላሳየውን ትዕግሥት ለዚህ ኤሊ አሳይቷል። እማዬ ካረፈች ወዲህማ ጠዋት ጠዋት የሚያወራው ከእሱ ጋር ነው።

ምንትዋብ ደግሞ ለብቻዬ ሳበችኝና «ስሚ» አለችኝ። «ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳትነግሪው። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ሌባ ቢገባ፣ ጣራው ቢነሳ፣ ሁሉም ደህና ነው። ልቡ ነው፣ ሮሃ። ማዪልኝ!»

ማልኩላት። በእማዬ ነፍስ ማልኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሃሳብ መጣልኝ!! አምና ክረምት አባዬ ግቢያችን ጭቃ ላይ ተንሸራትቶ ክንዱ ወለም ብሎት ነበር። ልቡ ተሰፍቶ መጥቶ ደግሞ ቢወድቅስ? ስለዚህ ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ አለብሰዋለሁ! ሲመለስ ከውጭ በር እስከ በረንዳ በነጠላ ጫማ ይንሸራሸራል። ሰርፕራይዝ! ለምንትዋብም አልነግራትም።

ኤርሳዶ የሚባል ጎበዝ ሴራሚክ ሠሪ አገኘሁ። ያገናኘኝ ሉቃስ ነው፤ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው የትኬት ቢሯችን ውስጥ ጎኔ ይቀመጣል። የማያውቀው ነገር የለም። ማለቴ፣ የማላውቀው ነገር የለም ብሎ ነው የሚያስበው።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

አለቀ! ኧረ እንዴት ያምራል! ኤርሳዶ አምስት ቀን ሸራ ወጥሮ በዝናብ ሲሠራ ከረመ። ከግንብ እስከ ግንብ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ሳይቀር። «ለአትክልት ምናምን ትንሽ አፈር አንተውም?» ብሎኝ ነበር። «አፈር ማለት ጭቃ ነው፤ ጭቃ ማየት አልፈልግም» አልኩት። ጽጌረዳዎቹን አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ተከልኳቸው።

ሻለቃ ከማደሪያው ወጣ፣ ቆመ፣ አየ። አንድ እግሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ቀስ እያለ ተሻገረ፤ ጥፍሮቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

አባዬ ደወለ። መጀመሪያ «ሻለቃስ?» ሁለተኛ «አንቺስ?» እንዲህ ነው የእኛ ቤት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ሻለቃ አይበላም።

ጎመን ሰጠሁት፣ አለፈው። ሐብሐብ ሰጠሁት፣ አለፈው። የጎረቤታችን የጋሽ ላጲሶ አጥር ላይ ካለው ቁልቋል ቆርጬ ሰጠሁት፣ ረገጠው። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ቀኑን ሙሉ በግንቡ ጥግ ጥግ ይዞራል፤ ይዞራል፤ ታንከሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ እንደገና ይዞራል። እንደዚህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ግን ሻለቃን ከአራት ቀን በፊት መቼ ነው በደንብ ያየሁት? የአባዬ ነገር ነበር እሱ። እኔ ጠዋት ቻው ብዬው የምወጣ ሰው ነኝ።

አባዬ «ይበላል?» ሲለኝ «እንደ ጉድ!» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቢሞትብኝስ? አባዬ ሆዱን ተከፍቶ፣ ማለቴ ደረቱን ተከፍቶ፣ መጥቶ «ሻለቃስ?» ሲለኝ ምን እለዋለሁ? አይሞትም። የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል ስለ ኤሊ የሚያውቅ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? እያንዳንዱ የሚለኝን እዚህ እጽፋለሁ፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ፣ ኤሊ ኖሮት ያውቅ እንደሆነ። በቃ፣ ጀመርኩ!

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

አገኘነው!!! ሉቃስ ነው ያገኘው። ቲክቶክ ላይ ጢም ያለው ፈረንጅ፣ አሥራ ሁለት ኤሊ ያለው (አሥራ ሁለት!)። ኤሊ ሲበርደው ምግብ ያቆማል፣ ከዚያ ወራት ይተኛል። ካርቶን ውስጥ ወረቀት ጎዝጉዘህ ጨለማና ብርድ ያለበት ቦታ ታስቀምጠዋለህ፤ እሱ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው! «አየሽ፣ ልጁ እንቅልፉ መጥቶ ነው» አለ ሉቃስ። እኔማ ደስ ብሎኝ ቢሮ ውስጥ አጨበጨብኩ፤ ትኬት ሊቆርጡ የመጡ ሰውዬ ደነገጡ።

ፍሪጅ አላደርገውም፣ አንጀቴ አልቻለም። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ውስጥ፣ ዕቃ ቤት። ደህና እደር ሻለቃ!

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ካርቶኑን በኋላ እግሩ ቦጫጭቆ ቦጫጭቆ ቀዳዳ አውጥቶለታል። ወረቀቱ ሁሉ ረጥቧል። የተኛ ኤሊ እንዲህ አይሠራም።

የሰውዬውን ገጽ እንደገና አየሁት። የእሱ ኤሊዎች ትንንሽና ክብ ናቸው፣ በረዶ ያለበት አገር። የእኛ ሌላ ዘር ነው፤ ነብር የሚመስል ነጠብጣብ ያለው፣ የስምጥ ሸለቆ። የእኛ ዘር ክረምት አይተኛም! ሦስት ቀን ዕቃ ቤት ዘግቼበት ከረምኩ። አይ ሮሃ። አይ ሮሃ።

ለሉቃስ ስነግረው «ታዲያ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኤሊ ኖሮኝ አያውቅም» አለኝ። ይኼን ማክሰኞ ቢለኝ ምን ነበረበት?

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ቴሌግራም ላይ የቤት እንስሳት ወዳጆች ቡድን ገባሁ፤ አሥራ አንድ ሺህ ሰው! «ወንድ ኤሊ ነው፣ ሃያ ዓመቱ፣ ከሳምንት በላይ አልበላም» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ ጎረፈ። ወተት በዳቦ ስጪው። ወተት ይገድለዋል። ጀርባውን ቅቤ ቀቢው። ፀሐይ። ጥላ። የሆድ ድርቀት ነው፣ ዘይት አጠጪው። ሴት ፈልጎ ነው፣ ዳሪው (ይኼ ብቻ ሁለት መቶ ላይክ አገኘ)። አንዷ ደግሞ «ዓይን ገብቶት ነው እህቴ» አለችኝ።

«ዶክተር» የሚሉት አንድ ሰው አለ፤ ሁሉም ያመሰግነዋል። በውስጥ መስመር ጻፍኩለት። «የቫይታሚን እጥረት ነው፣ እኔ ጋ መድኃኒቱ አለ» አለኝ፣ ሳያየው። ልቤ ጠረጠረ። በምንትዋብ አሮጌ ስልክ ሌላ ስም አውጥቼ ያንኑ ጥያቄ ቃል በቃል ጠየቅኩት። «ትላትል ነው፣ እኔ ጋ መድኃኒቱ አለ»! ሃሃ! ያዝኩህ! ከዚህ ሁሉ ሳምንት በጣም የተደሰትኩት ያን ጊዜ ነው። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ሻለቃ እንደሆነ አሁንም አልበላም።

ስልኬ ላይ ያለውን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ምናምንም ጠየቅኩት። እንዴት ትሁት ነው! ብርድ ሊሆን ይችላል አለኝ። አይደለም ስለው፣ ትክክል ነሽ፣ ሙቀት ሊሆን ይችላል አለኝ። እሱም አይደለም ስለው ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ያልኩትን ነው መልሶ የሚነግረኝ።

አንድ ክሊኒክ ደወልኩ፤ ውሻ ከሆነ አምጪው አሉኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ይጨፍራል!!!

ሙት እውነቴን ነው! ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ታንከሩ ጀርባ ሄጄ ሳየው ሻለቃ ለግንቡ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ የፊት እግሮቹ ዝም፣ የኋላ እግሮቹ ግን ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሴራሚኩ ላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሽንቱ ሳይቀር አምልጦታል። ግማሽ ሰዓት! የታመመ ይጨፍራል እንዴ? አይጨፍርም! ተሻለው ማለት ነው! ቀረጽኩት፣ የሠርግ ሙዚቃ ጨመርኩበት፣ ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት።

ከሥራ ስመለስ አንዱን የጽጌረዳ ቆርቆሮ ገልብጦ አፈሩ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። ጉልበትም አለው።

ለአባዬ ላሳየው ብዬ ብደውል ምንትዋብ አላነሳችም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

አርባ አንድ ሺህ ሰው አየው! ቢሮ ውስጥ «የጨፋሪው እናት» ነው የሚሉኝ። ሉቃስ ሁለተኛ ክፍል ቅረጪ እያለኝ ነው።

አባዬን ሦስት ቀን ሙሉ አላገኘሁትም። ምንትዋብ በጽሑፍ ብቻ፣ «ኔትወርክ የለም»፣ «ተኝቷል»። ዛሬ አገናኘችኝ። ድምፁ ቀጥኗል። «ጉንፋን ነው፣ የክፍሉ ማቀዝቀዣ» አለኝ። «ትበላለህ?» ስለው «እንደ ጉድ» አለኝ። «ሻለቃስ?» «እሱም እንደ ጉድ»። ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ጉንፋን ማንንም ይይዛል።

ጋሽ ላጲሶ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ዶሮም ያረባሉ። ለሻለቃ ይሞቀው ብለው የጫጩቶቻቸውን አምፖል አመጡልኝ። «ልጄ፣ እኔ ኤሊ ያየሁት በልጅነቴ ሜዳ ላይ ነው፤ የቤት ኤሊ ጠባይ አላውቅም» አሉኝ። «አባትሽን ለምን አትጠይቂም?»

«ጋሼ! እርስዎ ደግሞ! ልቡ ነው እኮ! የታመመ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ይወራል?»

«እሱስ አይወራም» አሉና አምፖሉን አቀበሉኝ። «ብቻ፣ ሃያ ዓመት ያኖረው እሱ ነው ብዬ ነው።»

አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው ሳይበላ። የጨፈረው ግን ጨፍሯል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ቢሮ ነኝ፣ ሰው ተሰልፏል፣ ቶሎ። አንዷ ቪዲዮው ስር ጻፈች፦ «ያምራል፤ ግን ጭፈራ አይመስለኝም። የሚሠሩት የኋላ እግሮቹ ብቻ ናቸው። መሬቱ ሁሉ ሴራሚክ ነው? ከመቼ ወዲህ? ይበላል?» ሶሬቲ ትባላለች። ማን ጠየቃት! አርባ አንድ ሺህ ሰው ደስ ብሎት ሲያይ አንዷ ትመጣና! «ቅናት ይገድላል» ብዬ መለስኩላት።

ምሳ ሰዓት። ከሃያ በላይ ሰው ጠይቄ ሁሉም መልስ ሰጠኝ። ማንም፣ አንድም ሰው፣ ጥያቄ አልጠየቀኝም ነበር። እሷ ሦስት ጠየቀችኝ።

መልሴን አጠፋሁት። ይቅርታ ብዬ ጻፍኩላት። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የምትሠራውም እዚሁ ቡልቡላ!

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

በደስታ ይሁን በድንጋጤ እኔም አላውቅም፣ ብቻ ልጻፈው።

ሻለቃን የገበያ ዘንቢል ውስጥ አድርጌ፣ ኮንትራት ይዤ ቦሌ ቡልቡላ ሄድኩ። ሶሬቲ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ የእንስሳት መድኃኒት መደብር አላት፤ ጠባብ ናት፣ የዶሮ መኖ ትሸታለች። እሷ እኩያዬ ናት። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ይቺ ነበረች፦ «ከመጀመርሽ በፊት ልንገርሽ፣ ስለ ኤሊ ብዙ አላውቅም። ትምህርት ላይ ያስተማሩን አንድ ከሰዓት ነው፤ እሱንም አርፍጄ ነው የገባሁት።»

ላቅፋት ምንም አልቀረኝም! ከአሥራ አንድ ሺህ ሰው መሃል!

እጇን ታጠበች። ሻለቃን አነሳችው፣ ሆዱን አየች፣ ጅራቱን አየች፣ ጣቷን ከኋላ እግሩ ፊት ለፊት አስገብታ ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ ነካካች። ብዙ ቆየች።

«ወንድ ነው ያለሽ ማነው?»

«ሻለቃ ነው እኮ!»

«ማዕረጓ ይከበር» አለች። «ወንዱ ጅራቱ ረጅም ነው፣ ሆዱም ጎድጎድ ይላል። ይቺ ሁለቱም የላትም። እዚህ ውስጥ ክብ ክብ ነገር ይነካኛል። ወይ ድንጋይ ውጣለች፣ ወይ እንቁላል ነው። እንቁላል ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት።»

ክው አልኩ። ኤሊ ወንድ ባይኖርም እንደ ዶሮ እንቁላል ይይዛል አለችኝ፤ የማይፈለፈል። ከዚያ የድሮ አስተማሪዋን ደወለችላቸውና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። ለመርፌ አትቸኩሉ አሉ። መጀመሪያ አፈር ስጧት፤ አፈር ካጣች ይዛው ትቆያለች፣ ከቆየ ይመርዛታል፣ ትሞታለች። የለመደችው ቦታ ካለ እሱን ነው የምትፈልገው። «ስንት ቀን አላት?» ስል «ቀን አልቆጥርልሽም፣ ግን አታሳድሩት» አሉ።

ጭፈራ አልነበረም። ሴራሚክ እየቆፈረች ነበር። አርባ አንድ ሺህ ሰው ሆነን አየናት፣ በሠርግ ሙዚቃ።

«ከዚህ በፊት የት ትቆፍር እንደነበር የሚያውቅ ሰው አለ?» አለችኝ ሶሬቲ። አጠያየቋ እንዲሁ ነው፣ ምንም ክፋት የለውም። አንድ ሰው አለ። ማልኩ እኮ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ሶሬቲ ራሷ ጎሮ ድረስ መጣች። ካልሲየም ሰጠቻት፣ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፈቻት። ትልቅ ሳፋ ውስጥ አፈር ሞልተን አስገባናት፣ ወጣች። በሩ ጋ አራት ሴራሚክ በመዶሻ ሰበርኩ፣ አፈሩን አወጣሁላት። አሸተተችው፣ አለፈችው። እንደገና በግንቡ ጥግ ጥግ። ደከማት፤ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ትተኛለች። አንገቷን ስትዘረጋ አንጀቴን በላችው።

ሌላውን ሁሉ ሰብሬ ባየው አይሻልም? ብልም ኤርሳዶ ስልኩን አያነሳም።

ምንትዋብን ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሴራሚኩን ጨምሮ። ጮኸችብኝ። «ለአባዬ? አሁን? አብደሻል! ብትሞት እንኳ አትነግሪውም! ሌላ ኤሊ እንፈልጋለን።»

«አያውቃትም ብለሽ ነው?»

«ሮሃ፣ አሁን አይሆንም። አሁን በጭራሽ አይሆንም» አለች፤ ማልቀስ ጀምራ። እሷ እንዲህ የምታለቅስ ሰው አይደለችም። ለምን አሁን? ቀዶ ጥገናው ገና ጳጉሜ አይደል?

እሑድ፣ ነሐሴ 25

አላውቅም። አላውቅም። አላውቅም።

ብነግረው ልቡ ቢቆምስ? ባልነግረው እሷ ትሞትና ይህንንም ደብቄ ኤርፖርት ሄጄ እስመዋለሁ። ጋሽ ላጲሶ ሲጸልዩ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል፤ ለአባዬም ለሻለቃም፣ በየስማቸው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ነገርኩት!!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ምንትዋብ ቁርስ ልታመጣ ወጥታ አባዬ ራሱ አነሳው። «ሻለቃስ?» አለኝ። አፌ «እንደ ጉድ» ሊል ተከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። አባዬ ውሸቴን ነው። አትበላም። እንቁላል ይዛ የምትጥልበት አጣች። እኔ ነኝ፣ ግቢውን ሴራሚክ አልብሼው ነው፣ እንዳትወድቅብኝ ብዬ ነው። አንድ ትንፋሽ ላይ። «አባዬ? አባዬ ልብህ ደህና ነው?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

ከዚያ፦ «ሴራሚክ?»

«አዎ።»

«ከግንብ እስከ ግንብ?»

«አዎ።»

«ከታንከሩ ጀርባም?»

«ከታንከሩ ጀርባም አባዬ።»

ሳቀ። አባዬ ሳቀ! እንዲያ ሲስቅ እማዬ ካረፈች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ሳቅ። በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከዚያ የምንትዋብ ጩኸት፦ «አባዬ! ስፌቱ! ስፌቱን ያዘው፣ አትሳቅ!»

«የምን ስፌት?» አልኩ።

ስልኩን ሲቀባበሉት ይሰማኛል።

«ምንትዋብ! የምን ስፌት ነው?»

ተሠርቶለታል። ነሐሴ አሥራ ሦስት። ቦታ ተገኝቶ ቀኑን አሳጠሩለት። ደም አላቆም ብሎ በነጋታው ተመልሶ ገብቷል፤ ሁለት ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። እኔ ያን ጊዜ ቪዲዮ ላይ የሠርግ ሙዚቃ እየመረጥኩ ነበር። «እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለች ምንትዋብ። ጮኽኩ። ሰደብኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። «አሥራ ሦስት ቀን! አሥራ ሦስት ቀን ደበቃችሁኝ!»

«አንቺስ ስንት ቀን ደበቅሽኝ?» አለ አባዬ።

ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት።

«እንግዲህ የትኛችን እንደምንብስ በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ጻፊ» አለኝ፣ ልክ እንደ አስተማሪ። ከታንከሩ ጀርባ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ከግንቡ ሁለት እርምጃ፤ ትጨፍራለች ብዬ የቀረጽኩበት ቦታ እኮ ነው፣ እያየሁት አላየሁትም! በየዓመቱ የክረምቱ ዝናብ ሲቀል እዚያ ትቆፍራለች፤ አፈሩን እሱ ነው በክረምቱ መሃል የሚያለሰልስላት። እሱና እማዬ ብቻ ያውቁ ነበር። ጎረቤት ለመድኃኒት እያለ እንቁላሉን እንዳይጠይቃቸው ለማንም አልተናገሩም። «ለእናንተም ያልነገርናችሁ ወሬ ስለማይቆይባችሁ ነው።»

ቤታችን ውስጥ የማይደበቅ ነገር አለ ግን?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ኤርሳዶ ዲጂኖ ይዞ መጣ። ቦታውን ሳሳየው ራሱን ያዘ። «እህቴ፣ ይኼን ጥግ እኮ እንዳይነቀል አድርጌ ነው የሠራሁት!» እውነቱን ነው፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ጉዱ የፈላው ስንሰብረው ነው። ሲሚንቶው፣ ከሥሩ አሸዋው፣ ከዚያ ጠጠሩ፣ ከዚያ በመጨረሻ ጥቁር አፈር። ዝናብ ጀመረ፤ ጋሽ ላጲሶ ጃንጥላቸውን ለእኛ ሳይሆን ለአፈሩ ያዙለት። አባዬ በስልክ «ሁለት እርምጃ አልኩ፣ የእኔ እርምጃ ነው፣ የአንቺ አይደለም» ይላል። ምንትዋብ ከኋላ «ቀስ በል፣ አትጩኽ» ትላለች። እጄ ተልጧል። በጣም ደስ ብሎኛል፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ሻለቃ ከሩቅ አየች። አልመጣችም። መሸ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

አለቃዬን ደውዬ «ኤሊዬ ልትወልድ ነው» አልኩት። እንደ ሰው ሳቀና ፈቀደልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለፈቃድ ስል አክስቴ ሞተች ብዬ እዋሽ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ታንከሩ ጀርባ አረፈች። ሻለቃ መጣች። ጀርባዋን ለግንቡ ሰጠች። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ አሁን ግን አፈር ይወጣል! ሶሬቲ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆፈረች፣ መሃል ላይ ደክሟት ስትተኛ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። አባዬ በቪዲዮ ነው፤ ትራስ ላይ፣ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ያን ፊት ደብቀውኝ ነበር። «አትጠጉ፣ ጥላችሁ አይረፍባት» ይላል በሹክሹክታ። ሶሬቲ ማስታወሻ አውጥታ እሱ የሚለውን ትጽፋለች። ሐኪሟ!

የመጀመሪያው እንቁላል ወጣ። ነጭ፣ ክብ፣ ንጹሕ። እልል አልኩ፣ አባዬ «ዝም በይ!» አለኝ፣ እሱ ግን እያለቀሰ ነው። ዘጠኝ ጣለች። ስትጨርስ በዚያው ደካማ እግሯ አፈሩን መልሳ መልሳ ሸፈነችው፤ ለእኛም ዘወር ብላ አላየችን።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

በላች! ጎመን! ሁለት ቅጠል ሙሉ! «እንደ ጉድ» አይደለም፣ ሁለት ቅጠል። ለአባዬም እንደዚያው ነገርኩት። እሱም «ዛሬ ግማሽ ሾርባ ነው የጠጣሁት፣ አላሰኘኝም» አለኝ። ደነገጥኩ። ያም ሆኖ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3

መጣ!

በተሽከርካሪ ወንበር ነበር ያወጡት፤ ቤት በር ላይ ግን «በእግሬ ነው የምገባው» አለ። ጋሽ ላጲሶ በአንድ ክንዱ፣ እኔ በሌላው። ሴራሚኩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «ጥሩ ነው፣ አያንሸራትትም» አለ። ከዚያ ታንከሩ ጀርባ ወንበር አስወጣን፤ ሻለቃ መጥታ ጫማው አጠገብ ተኛች።

ምንትዋብ ሻንጣ ልታስገባ ስትሄድ አባዬ ጠራኝ። የሸሚዙን ቁልፍ ከላይ ጀምሮ ፈታ። «እይው» አለኝ። ከአንገቱ ሥር እስከ ሆዱ፣ ቀይ፣ ገና ያልደረቀ። ዓይኔን ላዞር ነበር፤ «አይ፣ በደንብ እይው» አለ። እጄን ያዘና መሃሉ ላይ አስቀመጠው። ይሞቃል።

«እዚህ ጋ ያመኛል» አለኝ።

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። አባዬ ያመኛል ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።